በተልባ የተበላ ገንፎ

ኮልፌ አጣና ተራ፣ ከአያቴ አልጋ ራስጌ የሚንጠለጠለው ብራና ዳዊት ከመንዝ የመጣ ነው። መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ «ዓመተ … ፲፮፻፶፩፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ፮፣ ረቡዕ ተወልደት» ይላል። ስም የለውም። ከ«ዓመተ» ቀጥሎ የነበረውን ቃል የጧፍ ሰም ውጦታል። አጎቴ 1651 ዓ.ም. ነው እያለ ዳዊቱን የአፄ ፋሲል ዘመን ቅርስ አድርጎት ኖሯል። አያቴ ደግሞ «አባቴ ነው የጻፈው፤ የኔ ልደት ነው» ትልና ያንኑ የገንፎ ጨዋታዋን ትጀምራለች። መታወቂያዋ 1930 ይላል፤ እሷም አታምነው።

መጀመሪያ ሉቃስን ያዝኩ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ነው። 1651 ላይ 5500 ደምሬ ለ4 ባካፍል 3 ተረፈኝ፤ ሉቃስ! አጎቴ ሳቀ።

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አንድ መሪጌታ ፎቶውን ከስልኬ አዩና «ዓመተ ምሕረት ነው ያለህ ማነው? ሰማዕታት ቢሆንስ?» አሉኝ። ዓመተ ሰማዕታት ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና ይነሣል፤ 276 ሲደመርበት የእኛን ይሰጣል። በ6ኛው መቶ ዓመት ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ በአሳዳጅ ንጉሥ ስም አልቆጥርም ብሎ ነው የፈረንጁን ቁጥር ያወጣው። እሱ 532 ያለው ዓመት ለእስክንድርያ 248 ነበር። እኛ ደግሞ የእስክንድርያውን መነኩሴ የአንያኖስን ስሌት ይዘን 524 እንለዋለን። የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

1651 እና 276፣ 1927። እሱም ግን ሉቃስ ሆኖ ቁጭ አለ! 276 ለ4 እኩል ስለሚካፈል ወንጌላውያኑ አይፈርዱም።

«ዕለቱስ?» አሉ መሪጌታ። አውራ ጣታቸው በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ይሮጥ ጀመር፤ እኔ ስልኬን አውጥቼ ተከተልኳቸው። የ1928 ዓመተ ዓለም 7428፣ አራተኛ እጁ 1857፣ ድምሩ 9285፤ በሰባት ሲገደፍ 3፣ ሐሙስ። እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ረቡዕ ነበረች። በ1652 ግን እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነው የዋለው፤ ዋዜማው ሰኞ ይሆናል። እኔ ገና ቁጥር ስነካካ እሳቸው ጨርሰው መቋሚያቸውን አንሥተዋል።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927። ጣልያን መረብን ሊሻገር 22 ቀን ሲቀረው።

ማታ ሮጬ «እማዬ፣ ረቡዕ ነው የተወለድሽው!» አልኳት።

«ታዲያ እናቴን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ገንፎውን በተልባ በሉት ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ቅቤ ሞልቶ!»