የባዶው ክኒን ምስክርነት

ማይግሬን የሚባለው ብርቱ የራስ ምታት የሚነሣበት ሰው ሕመሙ ሳያንሰው አንድ ክስ ይከተለዋል፤ «ያስመስላል» ይባላል። መድኃኒትነት የሌለው ባዶ ክኒን ውጦ የተሻለው እንደ ሆነማ ክሱ የተረጋገጠ ይመስላል።

ቦስቶን ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን በሌላ መልክ ያሳያል። 66 ሕሙማን የመጀመሪያውን ሕመም ያለ መድኃኒት አሳለፉ፤ ለሚቀጥሉት ስድስት ጊዜያት በፖስታ የታሸገ ክኒን ተሰጣቸው። በፖስታው ላይ የመድኃኒቱ ስም «ማክሳልት»፣ ወይም «ባዶ»፣ ወይም «ከሁለቱ አንዱ» የሚል ተጽፏል፤ ጽሑፉና በውስጡ ያለው ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። እውነተኛው መድኃኒት በየትኛውም ስም ባዶውን መብለጡ አይካድም። ሆኖም በመድኃኒቱ ስም የተሰጠው ባዶ ክኒንና ባዶ የተባለው መድኃኒት ሕመሙን በማስታገስ ተቀራረቡ። ባዶነቱ በግልጽ የተነገረለት እንኳ ምንም ካለመዋጥ ተሻለ። ቀና ብሎ ሳያይ ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ከሕክምናው ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቃል በሥጋ ላይ የሚሠራበት መንገድም አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ሌላ ጥናት፣ የመንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉት መካከል ባዶው መድኃኒት ያስታገሳቸው ሰዎች የሞርፊን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመማቸው በረታ፤ አንጎላቸው ራሱ ያመነጨው ማስታገሻ ተሽሮ ነበርና። ባዶው ከመጀመሪያውም ባላስታገሳቸው ላይ ግን ማርከሻው የጨመረው ሕመም አልነበረም።