ሁለት ካርድ ክፍል በአንድ ግቢ

ልጄ ለፋሲካ ከአሜሪካ የላከው ካርቶን ሲከፈት እኔ የጠበቅሁት የደም ግፊት መለኪያ ነበር። የወጣው ግን አራት አንቴና ያለው ጥቁር ሳጥን ሆነ። «እማዬ፣ የጌም ራውተር ነው!» ብሎ የልጅ ልጄ ዘለለ። ምራቴ ወጡን እያማሰለች ቀና ብላ አየችና፣ «ለትምህርቱ የሚሆን ነገር ጠፋ?» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ሲወጡ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ልጁ የሚተኛው ከጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። የኢንተርኔት ድርጅቱ የገጠመልን ራውተር ደግሞ ሳሎን በር አጠገብ ተሰቅሏል። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ እዚያ የሚደርሰው ዋይፋይ ከምንም አይቆጠርም።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። አባቱ ሲሄድ 6 ዓመቱ ነበር። በስልክ ሲገናኙ ወሬያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው? በርታ።» ከዚያ ስልኩ ለእኔ ይተላለፋል። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ግን፣ እዚያ ዋሽንግተን ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ በፕሌይስቴሽን ኳስ እየተጫወቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። አንድ ቀን እንዝርቴን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስሰማ፣ ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አባዬ፣ ፂም መላጨት ስትጀምር ፊትህ ያሳክክህ ነበር?» አለው። ይህን በስልክ ጠይቆት አያውቅም። አባትየው መልስ ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ። «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» ቢል ቢል መልስ የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ የራውተሩ ጉዳይ የእኔም ሆነ።

ነርስ ነኝና በመጀመሪያ ልጁን መረመርኩት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቶቹ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣም መቀጠል ናቸው፤ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል የታየ መሆን አለበት። የእኛ ልጅ ይተኛል፣ ይበላል፣ ሜዳም ይወርዳል። ይህን ለምራቴ ባስረዳትም እሷ የምታየው የሒሳብ ውጤቱን ነው።

ወደ ሥራው ገባን። ከድርጅቱ ራውተር የወጣውን ኬብል በአዲሱ ሰማያዊ ቀዳዳ ሰካነው። መብራቱ በራ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ልጁ ግማሽ ቀን ታግሎ ምክንያቱን አገኘው፤ ሁለቱም ሳጥኖች 192.168.1.1 የሚባል አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘዋል።

እኔ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ሕመምተኛ ሲበዛ በኋላ በር በኩል ሁለተኛ ካርድ ክፍል ተከፈተ። ሁለቱም ከ1 ጀምረው ቁጥር ሰጡ። ከቀትር በፊት 14 ቁጥር የያዙ ሁለት እናቶች አንድ የደም ምርመራ ውጤት ይዘው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ።

ራውተርም ካርድ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ ላለው ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ቁጥር ያድላል። ወደ ውጭ ሲልክ የራሱን አንድ ቁጥር ይለጥፋል፤ መልሱ ለማን እንደሚሰጥ በመዝገቡ ይይዛል። ከውጭ ሳይጠራ የመጣን እንግዳ ግን መዝገቡ ላይ ስለማያገኘው ይመልሰዋል። ሁለት ራውተር ሲደራረብ እንግዳው ሁለት ጊዜ ይመለሳል ማለት ነው።

አዲሱን 192.168.2.1 አደረግነው፤ ኢንተርኔቱ መጣ። ፕሌይስቴሽኑ ግን መስመራችሁ «ዓይነት 3» ነው አለ፤ ጥብቅ፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር ለመገናኘት የሚያስቸግር ማለት ነው። አዲሱን ሳጥን ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ አድርጎ ቁጥር ማደሉን ለአሮጌው መተው ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን የተገዛበትን ወረፋ የማስያዝ ችሎታውን ያጣል። ስለዚህ አሮጌውን «የማታውቀው ሁሉ ሲመጣ ለአዲሱ አሳልፍ» በሚለው፣ ዲኤምዜድ በሚባለው ሴቲንግ አዘዝነው። አሁንም ዓይነት 3።

በመጨረሻ ልጁ የአሮጌውን ሳጥን የውጭ ቁጥር ሲያይ በ100.72 የሚጀምር ሆኖ ተገኘ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት ቁጥሮች በ2012 እ.ኤ.አ. ለአቅራቢዎች የውስጥ አገልግሎት የተለዩ ናቸው። የድሮው ዓይነት የኢንተርኔት ቁጥር በጠቅላላ ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም ሕዝብ ስላልበቃ ብዙ ቤቶች አንዱን ቁጥር ይጋራሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ካርድ ክፍል አለ፤ እሱ ግን እጃችን የማይደርስበት ቦታ ነው።

ሳጥኑ በከንቱ አልመጣም። ምራቴ ድራማ ስታይ የልጁ ድምፅ እንዳይቆራረጥ፣ ድንገተኛ ሕመምተኛ እንደምናስቀድመው፣ ጌሙንና ወሬውን ያስቀድማል። ይህ የሚሠራው ግን የቤቱ ስልክ ሁሉ በእሱ በኩል ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ የአሮጌውን ዋይፋይ አጠፋነው። ፍጥነቱንም ከለካነው ጥቂት ዝቅ አድርገን ጻፍን፤ አለዚያ ወረፋው ደርዝ በማናስይዘው በአሮጌው ሳጥን ላይ ይከማቻል። አዲሱን ሳሎን አስቀምጠን፣ 20 ሜትር ኬብል በጣሪያው ሥር ወደ ሰርቪስ ቤቱ ዘረጋን። ለጌም ከዋይፋይ ኬብል ይሻላል።

መንገዱን ግን አያሳጥርም። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል። የጌም ራውተር ለመግዛት ያሰባችሁ ወላጆች ይህን ከመክፈላችሁ በፊት እወቁት።

የዓይነት 3 ጣጣ የቀለለው በሌላ በኩል ነው። እስከዚያ ድረስ ጨዋታውን የሚከፍተውና አባቱን የሚጠራው ልጁ ነበር። ከውጭ ወደ እኛ መግባት ቢያስቸግርም ከእኛ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፤ የአባትየው መስመር ደግሞ ክፍት ነው። ስለዚህ ጠሪው እሱ መሆን አለበት። ደወልኩለት። «እማዬ፣ ጥናት ላይ ይሆናል ብዬ እኮ ነው የማልጠራው፤ እሱ ሲመቸው ይጥራኝ ብዬ ነው» አለኝ። «አሥር ዓመት ሲመቸው እየጠበቅህ ነው? አንተ ክፈትለት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 20 ደቂቃ ዘገየ። ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ሲጠብቅ እኔ እንዝርቴን ማሾር ረሳሁ። ከዚያ የአባቱ ግብዣ መጣ።

አሁን ሐምሌ ነው። እንጦጦ ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር መብረቅ እንዳያቃጥላቸው ሁለቱንም ሳጥኖች ከሶኬት እንነቅላለን። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው መሐል ላይ ነቀልኩት፤ ልጁ አኮረፈኝ። ወዲያው የእኔ ስልክ ጮኸ። አባትየው ነው። ልጁን አቅርቢልኝ አለና፣ «ዝናቡ እስኪያባራ አልዘጋውም፤ እዚሁ ነኝ» አለው። 40 ደቂቃ ጠበቀው።