«አላገኘሁም» እና «የለም»

የራሴን ስሕተት በዚህ መጽሔት ላይ ማውጣቴ ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር ኖሮት አይደለም። ከእኔ በኋላ ለሥራ ልምምድ የሚወጣ ተማሪ በዚያው ጕድጓድ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት የተመደብሁበት መሥሪያ ቤት ለጤና ጣቢያዎች የሕሙማን መዝገብ ፕሮግራም የሚጽፍ ነበር። ኮዱን ብዙ ሰዎች በየጊዜው እየተቀባበሉ ስለ ጻፉት፣ በሺህ በሚቈጠሩ ፋይሎች ተበትኗል። እንዲህ ያለውን ኮድ እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ የሚጨርስ ሰው አይገኝም፤ የተፈለገውን ቃል ጽፎ የት እንዳለ መሣሪያውን መጠየቅ ነው እንጂ።

ከዚህ ዐይነቱ መሣሪያ ታዋቂው ግሬፕ ይባላል፤ ኬን ቶምሰን በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን መስመር ለመስመር እየተመለከተ፣ ቃሉ ያለበትን መስመር ያሳያል። ሲያጣ ግን ምንም አይናገርም፤ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አንድ ቀን ከአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ስልክ ደወሉ። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ተመላላሽ ሕመምተኛ ልመዘግብ ስል ኮምፒዩተሩ የሐኪም ትእዛዝ አልተመዘገበም እያለ ይከለክለኛል። ትእዛዙ ግን ተመዝግቧል» አሉኝ። እኔም በጆሮዬ የሰማሁትን «የሃኪም ትዕዛዝ» ብዬ ጽፌ ፈለግሁ። መሣሪያው ዝም አለ።

«እንዲህ የሚል ቃል በእኛ ፕሮግራም ውስጥ የለም፣ እናቴ» አልሁ።

«ኧረ ልጄ፣ በዓይኔ ያየሁትን እኮ ነው የምነግርህ!»

«ፈልጌያለሁ፤ የለም።»

ይኸው መልሴ ለአለቃቸውም በጽሑፍ ደረሰ። ፕሮግራሙ ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው ተባለ፤ ተግሣጽም ተጻፈባቸው። ሕመምተኞቹ ከካርድ ክፍል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ካርድ ክፍል ሲመላለሱ ሰነበቱ። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ «የለም» ስላልሁ ነው።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ራሳቸው ከመሥሪያ ቤታችን ድረስ መጡ። በአንድ አሮጌ ካርድ ጀርባ ላይ ከኮምፒዩተሩ ያዩትን ፊደል በፊደል ገልብጠው ነበርና «እንግዲህ አንተው አንብበው» ብለው ሰጡኝ። «የሐኪም ትእዛዝ አልተመዘገበም» ይላል፤ በሐመሩ ሐ፣ በአልፋው እ። እኔ የፈለግሁት በሃሌታው ሃና በዐይኑ ዕ ነበር። ልክ እንደ ጻፉት አድርጌ ብፈልገው በቅጽበት ተገኘ። ፕሮግራሙ ትእዛዙ ድሮ ይቀመጥበት በነበረ ቦታ እየፈለገ ኖሯል፤ ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቍጥር ይዞ ስለ ገባ፣ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታዲያ የፈጠነ መሣሪያ ቢመጣ ይህ ይቀር ይሆን? አይቀርም። የሊኑክስን ከርነል የመሰለ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ያለው ኮድ በተጠየቀ ቍጥር ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ማውጫ አስቀድሞ ይሠራለታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 ከፍቶ በ2012 የዘጋው የኮድ መፈለጊያ፣ ሠሪው ራስ ኮክስ እንደ ገለጸው፣ ጽሑፉን ሦስት ሦስት ባይት እየቈረጠ የትኛው ቍራጭ በየትኛው ፋይል እንዳለ ይመዘግብ ነበር። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የእኛ ሆሄ ልክ ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማውጫ ፊደላችንን በፍጥነት ያገኛል፤ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ጋር ግን አያስታርቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፈጣኑ ሪፕግሬፕም ቢሆን፣ ካልታዘዘ በቀር፣ የተሰወሩ ፋይሎችንና ጊት እንዲተዋቸው የተነገረውን ሁሉ ዘሎ ያልፋል። እንግዲህ አንድ ቃል የሚታጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አለመኖሩ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። በአንድ ቦታ ሊገቡ የሚችሉትን ሆሄዎች በቅንፍ ሰብስቦ «[ሀሃሐሓኀኃ]ኪም» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያም የሚቀለው፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ሆሄ የሌለበትን ቍራጭ መምረጥ ነው፤ «ተመዘገበ» ብዬ ብፈልግ ኖሮ ያን ዕለቱኑ በተገኘ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች እኔን የመሰለውን አይተው ይሆናል።

አሁን ስለዚያ ዝምታ ልናገር። መሣሪያው አልዋሸኝም፤ የጠየቅሁትን ፈልጎ ሲያጣ ዝም ብሏል። ያን ዝምታ «የለም» ብዬ የተረጐምሁት እኔ ነኝ። «አላገኘሁም» የፈላጊው ነገር ነው፤ «የለም» ግን ስለ ዓለሙ መመስከር ነው። እኔ ባላየሁት መሰከርሁ፤ ያዩትን ሴት ደግሞ አላመንኋቸውም።

ለአለቃቸው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ተግሣጹም ተነሣላቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግድ የለም፤ ሌላ ጊዜ ግን መጥተህ እይ» ብለው ተሰናበቱኝ። ካርዱን አልመለስሁላቸውም። ዛሬ ከማጠኛ ጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፏል፤ ፈልጌ ባጣሁ ቍጥር ቀና ብዬ አነበዋለሁ።