ሲጠየቅ የሚመልስ ሳጥን

ትራንስፖንደር የሚባለው ዕቃ የሚታዘዝባት ሰሌዳ ከአንድ መጽሐፍ ሽፋን ብዙም አትበልጥም። በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ከተደረደረው የማብሪያና ማጥፊያ ብዛት የተነሳ ሳያስተውሏት ማለፍ ይቻላል። አንድ የሚዞር ማብሪያ አላት፤ መሞከሪያ፣ ተጠባባቂ፣ ከፍታን ሳይናገር የሚመልስ፣ ከነከፍታው የሚመልስ እያለ ይሄዳል። አራት አኃዝ የሚሞላባት ትንሽ መስኮትም አለቻት። 8 እና 9 እዚያ አይታወቁም፤ ከ0 እስከ 7 ብቻ ነው፣ ሁሉንም ብትቆጥሯቸው 4096 ቁጥር ይወጣል። ከጎን ደግሞ ሳጥኑ ሲበላሽ ብቻ የምትበራ ብርቱካንማ መብራት አለች።

እኔ የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ስለ ሞተር ነው የሚጠይቀኝ፤ ስለዚህች ሰሌዳ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው እማዬ ብቻ ናት።

እማዬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው። ማታ ሰማዩ ሲጠራ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም እያለ ያልፋል፤ እሷም ባናዋን ተከናንባ ደጅ ቆማ ታያለች። «ከታች ያሉት ማን እንደሆነ በምን ያውቁታል?» አለችኝ አንድ ጊዜ። ነገርኳት። ራዳሩ በ1030 ሜጋኸርዝ «ማነህ?» ይላል፤ ሳጥኑ በ1090 «እገሌ ነኝ፣ ከፍታዬ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይመልሳል። ለእሷ አዲስ ነገር አልሆነባትም። በእኛ አገር በጨለማ ሰው ቤት የሚሄድ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ውሻው ይጮሃል፣ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ድምፁን ያላሰማ ዱላ ይጠብቀዋል።

«ዋሽቶ ቢመልስስ?» አለችኝ ቀጥላ።

ይህን ጥያቄ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 ላይ ሆኖ ማሰብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የሚሄድ ቦይንግ 767 ነበር፣ 202 ሰው ይዞ። ዋናው አብራሪ ሽንት ቤት ሲወጣ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሱዳን ሰማይ ላይ ሳሉ በዚያች መስኮት 7500 ገባ። 7600 «ሬዲዮዬ አልሠራም»፣ 7700 «ችግር ላይ ነኝ» ማለት ነው። 7500 ደግሞ «ተጠልፌያለሁ»። ከታች ቁጥሩን ያነበበ ሰው ጠላፊው ራሱ አብራሪው ይሆናል ብሎ እንዴት ይጠርጥር? አውሮፕላኑ በጣሊያንና በፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ታጅቦ ጄኔቭ አረፈ (የስዊዘርላንድ ጄቶች በዚያን ጊዜ የሚነሱት በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፣ ቀልድ አይደለም)። ረዳት አብራሪው በመስኮት በገመድ ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ማንም አልተጎዳም። እንግዲህ ሳጥኑ ዋሽቷል? አልዋሸም። አውሮፕላኑ በእርግጥ ተጠልፏል። በማን የሚለው ግን በአራት አኃዝ አይነገርም።

ሌላኛውን በረራ ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ማን የማያውቅ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው። ሳጥኑ ያለማንም ጠያቂ ከፍታውንና ፍጥነቱን እየተናገረ ነበር፤ አዲሶቹ ትራንስፖንደሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ከምድር ያልተሰማውን ከላይ ሳተላይቶች ሰምተውት ነበር። ከአራት ወር ተኩል በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው የላዮን ኤር ማክስ ጋር የመውጣት መውረዱ ሁኔታ መመሳሰሉ የታየው በዚያ መረጃ ነው። ካናዳና አሜሪካ በሦስተኛው ቀን ማክስን ሲያግዱ ይህንኑ ጠቅሰዋል። እኔን ግን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሁለቱ የአፍንጫ አቅጣጫ ለኪዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚነግረው ማስጠንቀቂያ በብዙዎቹ ማክሶች ላይ አይሠራም ነበር፤ ተጨማሪ ተከፍሎበት ከሚገዛ ሌላ ማሳያ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። ያልበራ መብራት «ሰላም ነው» ይበል «እኔው ራሴ የለሁም» ይበል በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው እኛ ከበረራ በፊት ማብሪያውን ወደ መሞከሪያ አዙረን መብራቷ ስትበራ የምናየው።

ታናሽ እህቴ ቤይሩት ቤት ሠራተኛ ሆና ስትሄድ እማዬ ቦሌ አልመጣችም። እኔ በስልኬ መተግበሪያ ላይ ቢጫዋን አውሮፕላን እየተከተልኩ «ቀይ ባሕርን አለፈች»፣ «ልትወርድ ነው» እያልኩ እደውልላት ነበር። አረፈች። ከዚያ 41 ቀን ምንም። ስልኳን ተቀብለዋት ኖሯል።

እንደምንም ስልክ ስታገኝ እኔና እሷ ቁጥር ተስማማን። እሁድ እሁድ ለእማዬ ሚስኮል ታደርጋለች። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደህና ነኝ፤ ሁለቴ ስልኬን ሊወስዱብኝ ነው፤ ሦስቴ ድረሱልኝ። እህቴ መጀመሪያ ላይ «ደህና ከሆንኩ ለምን እደውላለሁ፣ ዝም ካልኩ ሰላም ነው በሉ» ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት፤ ዝምታውን ምን ብለን እናንብበው? ሦስቴ ቢጠራ ማን ጋ እንደምሮጥ፣ የኤምባሲውን ስልክ ጨምሮ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። እስካሁን አልወጣም።

ባለፈው እሁድ እማዬ ደወለችልኝ። «አንዴ ጠርቶ ተዘጋ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ገብሱ ማውራት ጀመረች፤ ዘንድሮ ውርጭ መትቶታል።