ስለ ጉንፋንና ስለ ተዘጋ መስኮት

በአገራችን ጉንፋን የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። አፍንጫው የፈሰሰውም፣ ጉሮሮው የከረከረውም፣ ራሱን ያመመውም፣ ሌሊቱን ሲስል ያደረውም ሁሉ «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል፤ ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁትም «ብርድ መታኝ» ብሎ ይመልሳል። ቤተ ሰቡም ወዲያው ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል፤ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ይወትፋል። በሽተኛው ጋቢ ተደርቦለት በታፈነው ክፍል ይተኛል፤ ልጆቹና ጎረቤቶቹ፣ አያቲቱም ሳትቀር፣ ዙሪያውን ከበው ይቀመጣሉ። ይህ ፍቅር ነው፤ ፍቅርነቱን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ይህ ፍቅር ዕውቀት ካልተጨመረበት አያቲቱን ሊያሳጣን እንደሚችል ባለፉት ዓመታት ስላየን፣ ስለዚሁ ነገር ለአንባብያን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ሐኪሞች እንደሚያስተምሩን ጉንፋን የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከ200 በላይ የሚሆኑ ልዩ ልዩ ረቂቅ ነገሮች ይህንኑ አፍንጫ የማፍሰስና ጉሮሮ የመከርከር ሥራ ይሠራሉ፤ እነዚህም በጠቅላላው ቫይረስ ይባላሉ። ቃሉ የላቲን ሲሆን መርዝ ማለት ነው። ቫይረስ እንደ ትል ወይም እንደ ቅማል በራሱ የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ ከሰው ወይም ከእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር ሊበዛ አይችልም፤ ከገባ በኋላ ግን ሕዋሱን አስገድዶ የራሱን ቅጂ ያሠራዋል። ከነዚህም መካከል አንዱ ነገድ ኮሮና የሚባለው ነው። ሰውን እንደሚይዙ በሚገባ የታወቁት የዚህ ነገድ አባላት 7 ናቸው። አራቱ ከልጅነታችን ጀምሮ በየጊዜው እየያዙ የሚለቁን ተራ ጉንፋኖች ሲሆኑ፣ ሦስቱ ግን ሳንባን አጥቅተው ሊገድሉ የሚችሉ ናቸው። አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቀላሉና ከባዱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያስለው ሰው የትኛው እንደ ያዘው በመልኩ ዐይቶ የሚያውቅ የለም።

ሰውን የሚይዘውን የዚህን ነገድ አባል በመሣሪያ አጉልታ መጀመሪያ ያየችው ጁን አልሜዳ የምትባል የስኮትላንድ ተወላጅ ናት። እኛ በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ታሪኳን በተለይ እንወደዋለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 በግላስጎ ከተማ ተወለደች፤ አባቷ የአውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ በ16 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ በሆስፒታል የላቦራቶሪ ረዳት ሆና ተቀጠረች። በ1960ዎቹ መካከል በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ስትሠራ፣ ዴቪድ ቲረል የተባሉ ሐኪም ከአንድ አዳሪ ተማሪ አፍንጫ የተወሰደ፣ ምንነቱ ያልታወቀ የጉንፋን ናሙና ላኩላት። እርሷም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታየው ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ክብ ነገር አገኘች። ከዚህ ቀደም በዶሮዎችና በአይጦች በሽታ የሚመስለውን ዐይታ ጽፋ ነበር፤ መርማሪዎቹ ግን የኢንፍሉዌንዛ መጥፎ ፎቶግራፍ ነው ብለው ጽሑፏን መልሰውላት ነበር። በ1968 ሊቃውንቱ ተስማምተው ለነገዱ ስም ሲያወጡ፣ በግርዶሽ ጊዜ በፀሐይ ዙሪያ የሚታየውን የብርሃን አክሊል ስለሚመስል ኮሮና አሉት። አክሊል በእኛ ዘንድ የሙሽሮችና የሰማዕታት ክብር ነውና ስሙ ለእንዲህ ያለ ነገር መዋሉ ቅር ያሰኛል፤ ስም አውጪዎቹ ግን መልኩን እንጂ ግብሩን አላሰቡም።

እሾሁ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ የሕዋሳችንን በር የሚከፍትበት ቁልፉ ነው። ከእሾሁ ሥር ያለው ሽፋን ግን የስብ ዘር ነው፤ ስለዚህም ሳሙና ቅባትን ከሳሕን እንደሚያወልቅ ይህንንም ያፈርሰዋል። በሽፋኑ ውስጥ 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት ትእዛዝ ተጠቅልሎ ይገኛል። ቁም ጸሐፊ የብራና መጽሐፍ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚስት፣ ይህም ትእዛዝ ሲገለበጥ ስሕተት ይገባበታል። የኮሮና ነገድ ከብዙ ቫይረሶች የሚለየው የራሱ አራሚ ያለው በመሆኑ ነው፤ ቢሆንም አራሚውን የሚያመልጡ ስሕተቶች አሉ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ቫይረሱን ይበልጥ ፈጣን ያደርጉታል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ከደቡባዊ አፍሪካ የተሰማው ኦሚክሮን የተባለው ዐይነት እንዲህ ያለ ነበር።

ከሦስቱ ከባዶች የመጀመሪያው ሳርስ የተባለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 መጨረሻ በደቡብ ቻይና ተነሣ። በ2003 የካቲት በሽታው የያዘው አንድ ሐኪም በሆንግ ኮንግ ሆቴል ውስጥ ቢያድር፣ በዚያው ሆቴል የነበሩ እንግዶች ሳያውቁ ወደ ሃኖይ፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ቶሮንቶ ይዘውት ሄዱ። አዲስ በሽታ መሆኑን በሃኖይ ተረድተው ለዓለም ያስጠነቀቁት ጣሊያናዊው ሐኪም ካርሎ ኡርባኒ ራሳቸው ተይዘው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዐረፉ። በጠቅላላው ከ8,000 በላይ ሰዎች ታመው 774 ሞቱ፤ በሐምሌም ወረርሽኙ ተገታ። ሊገታ የቻለበት ምክንያት ትልቅ ትምህርት አለበት። የሳርስ በሽተኛ ይበልጥ የሚያስተላልፈው በጠና ከታመመ በኋላ ነበር፤ ስለዚህ በሽተኛውን ፈልጎ በመለየት ሰንሰለቱን መቁረጥ ተቻለ።

ሁለተኛው መርስ ሲሆን በ2012 በሳዑዲ ዐረቢያ ታወቀ። ከሳርስ ያነሱ ሰዎችን ቢይዝም፣ በሐኪም ከታወቁት ሦስት በሽተኞች አንዱን ያህል ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚመጣውም ከግመል ነው። በኢትዮጵያም የግመሎች ደም ሲመረመር ቫይረሱ እንዳገኛቸው የሚያሳይ ምልክት ተገኝቶበታል። እኛ የግመል ሥጋና ወተት የማንቀምስ ብንሆንም፣ በዐረብ አገር በሰው ቤትና በእርሻ የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙዎች ናቸውና፣ የሚያስል ግመል ካለበት እንዲርቁ፣ እንስሳውን ከነኩ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ያልፈላ የግመል ወተትም እንዳይጠጡ በስልክ ብንነግራቸው መልካም ነው።

ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2019 መጨረሻ በቻይና በዉሃን ከተማ ታየ፤ በአገራችንም የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዚያን ዓመት ፋሲካ ብዙው ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ በየቤቱ አከበረው። ይህ ቫይረስ ሳርስን ይመስላል፤ በአንድ ነገር ግን እጅግ ይለያል፤ ሰውዬው ሕመም ሳይሰማው፣ ገና ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ይተላለፋል። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2020ና በ2021 በዚህ ወረርሽኝ ምክንያት ከወትሮው በላይ የሞተውን ሰው 15 ሚሊዮን ያህል አድርገው ገምተውታል። ድርጅቱ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ አደጋነቱ ማብቃቱን ቢያስታውቅም፣ ቫይረሱ አልጠፋም፤ ከአራቱ ተራ ጉንፋኖች ጋራ ዛሬም በመካከላችን ይመላለሳል።

እንግዲህ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በምን መንገድ ነው? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁላችን እጃችንን በመታጠብና የበር እጀታ በመጥረግ ተጠመድን፤ በየበሩ ደጃፍ ውሃና ሳሙና ቆመ። መታጠቡ መልካም ነው፤ ዋናው መንገድ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በሚባለው አውራጃ፣ አንድ የመዘምራን ማኅበር ነበረ። በመጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ፣ ማለትም የአገራችን የመጀመሪያ በሽተኛ ከመታወቁ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ 61 ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መዝሙር ተለማመዱ። በሽታው መኖሩን ሰምተው ስለ ነበር ጥንቃቄ አድርገዋል፤ እጃቸውን በመድኃኒት አሽተዋል፤ ተቃቅፈው ከመሳሳምም ተከልክለዋል። ከመካከላቸው ግን አንዱ ጉንፋን መሰል ስሜት ነበረበት። ከዚያ ምሽት በኋላ 53 ሰዎች ታመሙ፤ ሁለቱም ሞቱ። በአዳራሹ ያሉት ሁሉ አንዱን ሰው አልነኩትም፤ አንዱን አየር ግን በአንድነት ተነፈሱ።

ሰው ሲናገር፣ ይልቁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘምር፣ ከአፉ የሚወጣው የትንፋሽ ርጥበት ሁለት ዐይነት ነው። ትልልቁ ጠብታ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ መሬት ላይ ይወድቃል። ረቂቁ ግን እንደ ዕጣን ጢስ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። በቤተ መቅደስ ያጠነ ሁሉ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጥናው ወደ ውስጥ ከገባ በኋላም ጢሱ ከቅኔ ማኅሌቱ ሳይጠፋ ይቆያል፤ መስኮትና በር ሲከፈት ግን በጥቂት ጊዜ ይጠራል። የበሽተኛም ትንፋሽ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የማይታይና የማይሸት መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተውን መንገደኛ ሁሉ ተባብሮ የሚገሥጸው ልማዳችን ነገሩን ገልብጦታል። ብርድ ራሱ ኮሮናን አይወልድም፤ በብርድ ወራት ጉንፋን የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ሰው በራፉን ዘግቶ እርስ በርሱ ስለሚተናፈስ ነው። እኛም 60 እና 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ስናስተምር፣ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠው ልጅ መዝጊያውን ቀስ ብሎ ሲገፋው እያየን፣ ቀስ ብለን እንከፍተዋለን፤ ትግሉ እስከ ሰኔ ይቀጥላል። የደብረ ብርሃን ወይም የደባርቅ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ አናጣውም፤ ለሕመምተኛው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይደረብለት፤ መስኮቱም በጋት ያህል ይከፈት። ከሰል አንድዶ ክፍሉን መዝጋት ግን ከጉንፋኑ አስቀድሞ የሚገድል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኅዳር በሽታ የሚጠይቁን አሉ። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የፈጀው ያ በሽታ ከሌላ ነገድ፣ ከኢንፍሉዌንዛ የመጣ ነበር፤ የሄደበት መንገድ ግን ይኸው የትንፋሽ መንገድ ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ግቢን መጥረግ የተመሰገነ ልማድ ነው፤ የሚጨሰው ቆሻሻ ግን ሳንባው ለታመመ ሰው ሌላ በሽታ ይጨምርበታል እንጂ አይፈውሰውም።

ሕመምተኛ መጠየቅስ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም፤ ጌታ በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን አንዱ ይህ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በበረንዳ ወይም በመስኮት አጠገብ ቆሞ ቃል መለዋወጥም ጥየቃ ነው፤ አጥሚት አፍልቶ በደጅ ማድረስም ጥየቃ ነው። ከቤተ ሰቡ አንድ ጤነኛና ጎልማሳ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ያስታምም፤ አያቲቱ በሌላ ክፍል ትሁን። ልቅሶ ቤትም ድንኳኑ በሁለት ወገን ክፍት ቢሆን የሟቹን ክብር አይቀንስም። የሚያስለው ሰውም እሑድ ቀርቶ ቢጸልይ ሰነፍ አይባል።

ሁሉንም ሳይሆን ጥቂቱን የሚገድለው እንዴት ነው? ቫይረሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ብቻ ከተወሰነ ሰውነት በሳምንት ውስጥ ያሸንፈዋል። ወደ ሳንባ ከወረደ ግን ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ያብጣሉ፤ ፈሳሽም ይሞላባቸዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ፣ ትኩሳቱ የበረደ መስሎ ቤተ ሰቡ «ተሽሏታል» ባለበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ጉዳቱን የሚያባብሰው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከልክ ያለፈው የሰውነት ራሱ መከላከያም ነው። ስለዚህም በ2020 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ትልቅ ምርመራ ዴክሳሜታዞን የተባለ ርካሽ መድኃኒት ኦክስጅን ለሚሰጣቸው በሽተኞች ሞትን ቀነሰ፤ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን አልጠቀመም። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በመጀመሪያው ሳል የሚውጠው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይነካም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ጉሮሮን ያለሰልሱ ይሆናል፤ በሽተኛው ከወደደው ይጠጣ፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያዘገይ ምክንያት ግን አይሁን። ክትባቱም ከመያዝ ሁልጊዜ ባያድን፣ በጠና ከመታመምና ከመሞት በብዙ ይጠብቃል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውም ለሽማግሌዎች፣ ስኳርና የልብ ሕመም ላለባቸው ነው።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በቤት ካለ፣ ቁጥሩ ከ90 በታች ሲወርድ አንድ ሰዓትም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የከንፈር መጥቆርና የአእምሮ መባዘንም እንዲሁ ነው። መለኪያው ከሌለ ግን እናታችንን ቀና አድርገን አስቀምጠን አባታችን ሆይን እንድትደግም እንለምናት። በየሁለትና በየሦስት ቃሉ ትንፋሿን ለመሰብሰብ የምታቆም ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግ፤ በመንገድም የመኪናው መስኮት ይከፈት።