ዜሮ የተባለው የአባቴ ጉልበት

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴን የሚያስከፋ መልስ በደብተሬ ላይ ጻፍሁ። መልሱ ትክክል ነበር።

ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። አባቴ በጅማ ከተማና በጅሬን ኮረብታ መካከል የእጅ ጋሪ እየገፋ ያሳድገን ነበር። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት እህልና ሲሚንቶ ያወጣል፤ በቡና ወራት ደግሞ ቡና ጭኖ ይወርዳል። እኔ በዚያ ሰሞን የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ እማር ነበር፦ በአንድ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ተቀናንሰው የሚቀረው የተጣራ ኃይል፣ ከአካሉ መጠነ ቁስና ከፍጥንጥነቱ ብዜት ጋር እኩል ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ጥያቄዎቹም ሰበቃ በሌለው ወለል ላይ ስለሚንሸራተት ሣጥን ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ወለል አይቼ ስለማላውቅ ሣጥኑን በአባቴ ጋሪ ተካሁት።

ጋሪው ከነጭነቱ 200 ኪሎ ግራም ይሁን። መንገዱም በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ይበል። የመሬት ስበት ጋሪውን በ200 ኒውተን ገደማ ቁልቁል ይጎትተዋል። ሰበቃው 100 ኒውተን ቢሆን፣ አባቴ በ300 ኒውተን ሲገፋ ጋሪው ፍጥነቱን ሳይለውጥ ዳገቱን ይወጣል። ከ300 ላይ 200 ሲቀነስ፣ 100 ደግሞ ሲቀነስ፣ ዜሮ።

ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ ሲታጠብ በኩራት አነበብሁለት።

«አባባ፣ በጋሪው ላይ ያለው የተጣራ ኃይል ዜሮ ነው።»

«እንግዲያ ቀኑን ሙሉ የገፋሁት ለምንም ነው?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ማዘኑ ግን ያስታውቅ ነበር።

መልስ አጣሁ። ቀመሩን አውቅ ነበር እንጂ ዜሮው ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

አርስቶትልም ያለ ገፊ የሚሄድ ጋሪ የለም ባይ ነበር። ኃይል የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን ፍጥነትን ለመለወጥ መሆኑን ኒውተን በሕግ መልክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው። ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሊቃውንትን ያደናገረ ነገር አባቴን ቢያደናግረው አይደንቅም።

በማግሥቱ ጥያቄውን ገልብጬ ሠራሁት፦ አባቴ ጋሪውን ቢለቀውስ? በሰኮንድ 1 ሜትር ሲጓዝ የነበረው ጋሪ 300 ኒውተን ወደ ኋላ ይጫነዋል። ይህ ለ200 ሲካፈል 1.5 ነው፤ ጋሪው አንድ ሰኮንድ ሳይሞላ ይቆማል። ያን ጊዜ ሰበቃው ፊቱን ያዞርና ስበቱን ይቃወማል፤ በቀሪው 100 ኒውተን ግን ጋሪው ወደ ከተማው ቁልቁል መንከባለል ይጀምራል።

ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና ሣቀ።

«እንደ ኑሯችን ነዋ! ያገኘሁትን ለኪራይና ለእህል እከፍላለሁ፤ ማታ ኪሴ ባዶ ነው። አንድ ቀን ባልሠራ ግን የት እንደምንወድቅ እኔ አውቃለሁ።»

ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ፈጥኖ «ዜሮ» ብሎ ሲጽፍ፣ ኃይሎቹን አንድ በአንድ በቀስት እንዲስልልኝ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ ስበቱን ይስላሉ፤ ሰበቃውንም ይስላሉ። የሚገፋውን ሰው ቀስት የረሳ ካለ፣ ደብተሩን መልሼ እሰጠዋለሁ።