የጾም ማዕድና የከተማ ውፍረት

ውፍረት የሀብትና የጤና ምልክት ሆኖ የሚታይበት ልማድ በአገራችን ገና ጨርሶ አላለፈም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ወዳጆች «ተመችቶሃል፥ አምሮብሃል» ሲባባሉ የሚያመሰግኑት የሰውነትን መሙላት ነው። ይህ አነጋገር ራብ በደጅ ቆሞ በኖረበት ዘመን የተወለደ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ለሚኖረው ጎልማሳ ውፍረት ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታ፥ የደም ብዛትና የልብ ሕመም መንገድ ጠራጊ ሆኖአል። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ከመቶ 8 ደረሱ፤ በከተማ ያለውም ድርሻ ከገጠሩ እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ በኦርቶዶክሳዊ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰባቱን አጽዋማት የሚጠብቅ ሰው ከዓመቱ ቀኖች ከግማሽ በሚበልጡት ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል አይቀምስም። ታዲያ ጾመኛ እንዴት ይወፍራል?

ይህን ጥያቄ ከአክስቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። አክስቴ በአዲስ አበባ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ ጾምን ከልባቸው የሚጠብቁ እናት ናቸው። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ገደማ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ክብደታቸው 78 ኪሎ፥ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ58 ነበር። ክብደት በኪሎ ተወስዶ፥ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቍጥር ሲካፈል፥ የሚገኘው ውጤት 25 ከደረሰ ክብደቱ ከልክ አልፎአል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። የእርሳቸው 31 ሆነ። ወደ ቤት ስንመለስ አዝነው፥ «ልጄ፥ ሥጋ ከቀመስሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ይህ ውፍረት ከወዴት መጣ?» አሉኝ።

መልሱን ያገኘነው ከወጥ ቤቱ ጥግ ነው። በቤታቸው አምስት ሰዎች ይበላሉ፤ በጾም ወራት አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት በሦስት ሳምንት ያልቃል። ይኸን በ21 ቀንና በአምስት ሰው ብናካፍለው፥ ለእያንዳንዱ በየቀኑ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ዘይት ይደርሰዋል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ፥ አንድ ግራም ስኳር ወይም የእህል ዱቄት 4 ያህል ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ከዘይቱ ብቻ በቀን ወደ 390 ካሎሪ ይገኛል፤ ይኸም ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው ለሚውሉ እናት ከቀኑ ምግብ እስከ አምስተኛው እጅ ሊደርስ ይችላል። እንጀራው፥ ሽሮውና ምስሩ ገና አልተቈጠሩም።

ዘይት ከአትክልት መገኘቱ ከውፍረት አያድንም። ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን ኀይል፥ ከሥጋም ይምጣ ከዘይት፥ በስብ መልክ ያከማቻል። በተለይ በሆድ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር በሚገባ እንዳይሠራ ያውከዋል፤ በዚህም ምክንያት ስኳር በደም ውስጥ ይበዛል።

ከዘይቱ ጋር የከተማው ልማድ ይደረባል። ሠራተኛው እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሲወጣ በቅርብ የሚያገኘው ሳምቡሳ፥ ፓስቲ፥ ቦምቦሊኖና ለስላሳ መጠጥ ነው። በሻዩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል መልካም መሆኑን አመልክቶአል።

እኔ ቆሎ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ለምነን ያገኘነውን ቁራሽ እንጀራ ተካፍለን፥ ውሃ ቀድተንና እንጨት ለቅመን፥ ረጅም መንገድ በእግራችን እንሄድ ነበር። የገጠሩ ገበሬም ጾሞ ያርሳል። የከተማው ሰው ግን በታክሲ ሄዶ፥ በወንበር ውሎ፥ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትልቁን ማዕድ በልቶ ይተኛል። የሥራው ዐይነት ሲለወጥ የገበታው መጠን አልተለወጠም።

ይህን ስል ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም ለማለት አይደለም። ከዘር የሚወረስ ጠባይ፥ የዕጢ ሕመምና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ። ደግሞም የፍቅራችን መግለጫ ማጉረስ ስለ ሆነ፥ «በሞቴ» እየተባለ የሚለመን እንግዳ «በቃኝ» ማለት ይቸግረዋል። በትንሣኤ በዓል ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ በአንድ ጊዜ በቅቤና በሥጋ ሲሞላም ጕዳቱ ይበረታል።

አክስቴ ሽሯቸውን አልተዉም። ዘይቱን ከጀሪካኑ ማንቈርቈር ትተው በማንኪያ መስፈር ጀመሩ፤ ጎመንና ቀይ ሥር አበዙ፤ እራታቸውን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አቀረቡ፤ ቤተ ክርስቲያንም በእግራቸው መሄድ ያዙ። ዛሬ ያ ጀሪካን አምስት ሳምንት ይቈያል፤ ክብደታቸውም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ማማከር ግዴታው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ታዝናለችና።

የቤት እመቤቶች ሆይ፥ ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ጻፉበት፤ ባለቀም ጊዜ ቀኑን ቈጥራችሁ በቤተ ሰቡ ብዛት አካፍሉት። እናንተም ጋባዦች፥ እንግዳችሁ «በቃኝ» ሲል እመኑት። አባቶቻችን ጾምን ከምግብ መለወጥ ይልቅ በልክ የመኖር ትምህርት አድርገው ሰጥተውናል፤ ልክን የሚያውቅ ቤትም በጾሙ ይጠቀማል፥ በፍስኩም አይጐዳም።